ለምንም ያልሆነ ምሳ

ካምፓላ ውስጥ ቪዛ የመጣለት ሐበሻ የሚታወቀው ስለ ቪዛ ማውራት በማቆሙ ነው። ዓመት ሙሉ «ፕሮሰሱ የት ደረሰ?» ሲባል የኤምባሲውን መዘግየትና የስፖንሰሩን ጸባይ እየዘረዘረ ሲያማርር የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን «ምን ፕሮሰስ አለ ብለህ ነው» ይልና ወሬውን ወደ ዝናቡ ያዞራል። ከዚያ አንድ ሰኞ ሱቁ ተዘግቶ ይገኛል። ብዙም ሳይቆይ በረዶ ላይ ቆሞ የተነሣው ፎቶ ይደርሰናል። ማንም አይቀየምም፤ ሁላችንም ተራችን ሲደርስ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ምክንያቱ አፍ ነው። የሰው አፍ ቪዛ ያስቀራል። ለዚህ ማስረጃ ሆኖ የሚጠራው ዳግማዊ የሚባል ልጅ ነው። ዳግማዊ በ2020 መጀመሪያ ቪዛው ሲመጣለት ሐበሻ በሚበዛበት ካባላጋላ ሰፈር በግ አርዶ የሚያውቀውን ሁሉ ጠራ። በበረራው ሳምንት የኤንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ተዘጋ። ኤንቴቤ ብቻ ሳይሆን ዱባይም ለንደንም ተዘጉ፤ እኛ ግን ነገሩን ከቫይረስ ጋር አላገናኘነውም። የዓለም አውሮፕላን ማረፊያ የተዘጋው ዳግማዊ በጉን ስላረደ ነው የሚሉ ሰዎች ዛሬም ኪሰንዪ ሰፈር ውስጥ አሉ። ከተማ የሚባለው ሰው ከእነሱ አንዱ ነበር።

ከተማ ኪሰንዪ የስልክ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ሚስቱ ገንዘቤ ጸጉር ትሠራለች። የሁለቱ ቪዛ የመጣው በ2022 መባቻ፣ ሰዓት እላፊው በተነሣ ሰሞን ነው። ከተማ ያን ዕለት ሱቁን እንደ ወትሮው ከፍቶ፣ እንደ ወትሮው ከደንበኛ ተጣልቶ፣ እንደ ወትሮው በቦዳ ሞተር ቤቱ ገባ። ለገንዘቤ የነገራትም የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አድርጎ ነው። ፍሪጁን መሸጥ ስለነበረበት፣ ሰው እንዳይጠረጥር «አያቀዘቅዝም፣ ሰለቸኝ» እያለ ያማው ጀመር። ሐሜቱ ስለተሳካለት የሚገዛው ጠፋ።

ገንዘቤ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ሲቲናን ሳልሰናበት አልሄድም።»

ሲቲና የደሴ ልጅ ናት። ከነገንዘቤ ጋር በአንድ ግቢ ግድግዳ ለግድግዳ ትኖራለች፤ ባሏ ጀይሉ ጁባ እየተመላለሰ ይነግዳል። ሁለቱ ሴቶች አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ገመድና አንድ አከራይ ይጋራሉ፤ ሦስቱንም አብረው ያማሉ።

«ካናዳ ገብተሽ ትደውዪላታለሽ» አለ ከተማ።

«ወንድሜ ሲሞት መርዶ ያረዳችኝን ሴት በስልክ ልሰናበታት?»

«ለእሷ ነገርሽ ማለት ለጀይሉ ነገርሽ ማለት ነው። ለጀይሉ ከተነገረ ጁባ ሰማ ማለት ነው።»

«አልነግራትም። አብረን እንበላለን፣ ደህና አድርጌ አያታለሁ፣ በቃ። ስሄድ ይገባታል።»

በዚህ ተስማሙ። ግብዣ ይኖራል፤ ግብዣ ግን አይመስልም። ሰበቡ የሰዓት እላፊው መነሣት ይሆናል፤ በዚያ ሰሞን ካምፓላ በሙሉ በዚሁ ሰበብ ይበላና ይጠጣ ነበር። የቀረው ቦታ መምረጥ ነው።

«ካባላጋላ ሐበሻ ቤት እንሂድ» አለች ገንዘቤ።

«እዚያ ምን እንደምትበዪ አይደለም የሚጠይቁሽ፤ ለምን እንደመጣሽ ነው።»

«ቡጎሎቢ ያለው ፒዛ ቤትስ?»

«ፒዛ የሚበላ ሐበሻ ልምምድ ላይ ነው ይላሉ።»

«ሐይቁ ዳር?»

«ሐይቅ ዳር የሚሄደው ፎቶ የሚነሣ ሰው ነው። ፎቶ የሚነሣ ደግሞ የሚሄድ ሰው ነው።»

«እንግዲያ ከመንገድ ዳር ሮሌክስ ገዝተን ቆመን እንግመጥ።»

ሮሌክስ እዚህ አገር በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ነው። ከተማ ሐሳቡን በቁም ነገር ሲያሰላስለው ስታይ ገንዘቤ ተነሥታ ወጣች።

የሥጋው ነገርም ነበረ። ሲቲና የክርስቲያን ሥጋ አትበላም፤ ገንዘቤ የሙስሊም ሥጋ አትበላም። በዓል በመጣ ቁጥር ድፎ ዳቦና ብስኩት ሲላላኩ ነው የኖሩት። ዓሣን ግን ማንም ባርኮ አያርደውም፤ ከሐይቁ የሚወጣው ያለ ሃይማኖት ነው። ስለዚህ ዓሣ ቤት ተፈለገ፤ ንቲንዳ፣ ከሱፐርማርኬቱ ጀርባ፣ ናሎንጎ ቤት ተገኘ። ናሎንጎ ስሟ አይደለም፤ መንታ የወለደችን ሴት ኡጋንዳዎች እንዲህ ነው የሚጠሯት። የቆርቆሮ ጣራ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ የተጠበሰ ዓሣ ከሙዝ ገንፎው ከማቶኬ ወይም ከበቆሎ ገንፎው ከፖሾ ጋር፤ ሌላ ነገር የለም። ከተማ ረቡዕ ሄዶ፣ ማዶ ቦዳ የሚጠብቅ መስሎ ቆሞ ሰለላት። «የት ልውሰድህ?» ያለውን ባለ ቦዳ ሁሉ እየመለሰ፣ የሚገባ የሚወጣውን አየ። ጥበቃ ገባ፣ ነርስ ገባች፣ ባለ ሱቅ ገባ፤ ሐበሻ የሚባል አልገባም።

«ንጹሕ ነው» አለ ሲመለስ። ስለ ሳሕኑ አልነበረም የሚያወራው። ያየው ግን የረቡዕን ነበር፤ የሚሄዱት ደግሞ እሑድ ነው።

ገንዘቤ ሲቲናን የጋበዘቻት ልብስ እያሰጣች ነው።

«ንቲንዳ? ዓሣ?» አለች ሲቲና፤ እጇ ገመዱ ላይ ቆመ።

«ሰዓት እላፊው ተነሣ ብለን ነው።»

«ምሳ ሰዓት ላይ ሰዓት እላፊ ነበረ እንዴ?»

«ለምንም አይደለም አልኩሽ እኮ።»

ሲቲና የያዘችውን ልብስ ገመዱ ላይ ዘረጋችና «እሺ፣ እመጣለሁ» አለች።

እሑድ ገንዘቤ የአዘቦት የሚመስል ቀሚስ ስትመርጥ ረፋዱ አለቀ። ናሎንጎ ቤት ሲደርሱ ጥግ ላይ አንድ ቤተሰብ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። ባልና ሚስት ከሁለት ሴት ልጆች ጋር፤ የአራቱም ጫማ አዲስ ነው። ከተማ ሰውየውን ከጀርባው አወቀው። ኪሰንዪ ጎማ የሚሸጠው ኡዋይስ ነው፤ ትናንት «ሁለተኛ ሱቅ ልከፍት ነው» ሲል የዋለው። ኡዋይስም ዞር ብሎ ከተማን አወቀውና፣ ዓሣውን እያላመጠ ማስኩን ወደ ላይ ሳበ። ከተማም የራሱን ሳበ። በዚህ ተግባቡ።

ሦስቱ እንደተቀመጡ ናሎንጎ መጣች። ሰፊ፣ ሳቂታ፣ ድምፅዋ ለገበያ የተሠራ ሴት ናት። ተራ በተራ አየቻቸው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች በእንግሊዝኛ። «ካናዳ ነው አውስትራሊያ?»

«ዓሣ ነው» አለ ከተማ።

«ዓሣውንማ እኔ ነኝ የምጠብሰው። አገሩን ነው የምጠይቅህ። እናንተ ሐበሾች እኔ ቤት የምትመጡት አንዴ ነው። እሑድ ለብሳችሁ ትመጣላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ትበላላችሁ፣ ሰው ሲገባ ታጎነብሳላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ አትታዩም። ጥግ ላይ ያሉት አውስትራሊያ ናቸው።»

የኡዋይስ ጀርባ ንቅንቅ አላለም።

ገንዘቤ ቀና ብላ ሲቲናን ማየት አልቻለችም። በራሷ አፍ እንኳ ሳትነግራት፣ ዓሣ ጠባሽ ቀደመቻት። ናሎንጎ ግን ገና አልጨረሰችም፤ ሲቲና ላይ አፍጥጣ ጣቷን ቀሰረች።

«አንቺን አውቅሻለሁ። ከረጅሙ ባልሽ ጋር እዚያ መስኮቱ ሥር ተቀምጠሽ ነበር። ከኮሮና በፊት። ካናዳ። እስካሁን እዚሁ ነሽ?»

ምድጃው ላይ ዘይቱ ይንጫጫል። ሲቲና ሻሿን አስተካከለች።

«ለእኔ ማቶኬ አድርጊልኝ» አለቻት፤ «ፖሾ አልፈልግም።»

ናሎንጎ ሄደች። ሁለቱም ሴቶች መቀየም ፈልገው ነበር። መብታቸው ግን እኩል ስለሆነ ማን እንደሚጀምር አልታወቀም። ዓሣው ከነቃሪያው መጣ።

«ካናዳ ነው» አለች ገንዘቤ በመጨረሻ። «ማክሰኞ።»

ከተማ ዙሪያውን አየ።

«እኔ ሐሙስ ነበርኩ» አለች ሲቲና። «ኤንቴቤ አራት ቀን ቀድሞ፣ እሑድ ተዘጋ። ሜዲካሉ ጊዜው አለፈ፣ እንደገና አሠራን፣ እሱም አለፈ። አሁን ጠብቁ ብለውናል።»

«ለማን ነግረሽ ነበር?» አለ ከተማ፣ እንደ መርማሪ ጎንበስ ብሎ።

«ለማንም።»

«ለእናትሽስ?»

«ለእናቴም አልነገርኩ።»

«ጀይሉስ?»

«ጀይሉማ ለራሱም የነገረው አይመስለኝም።»

መልሱ ከተማን አልጣመውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋቱን ሁሉ ለዳግማዊ ሰጥቶ በሰላም ሲተኛ የኖረ ሰው ነው።

«እንግዲያ ይቺ ሴትዮ ናት» አለ፣ በአገጩ ወደ ምድጃው እየጠቆመ። «አፏ ጥሩ አይደለም።»

ገንዘቤ አልሰማችውም።

«ቆይ» አለች፤ «ኮሮና ይዞኛል ብለሽ በር የዘጋሽው ያኔ ነው?»

«ያኔ ነው።»

«አጥሚት እየሠራሁ ደጃፍሽ ላይ አስቀምጬ ስሮጥ የነበረው?»

«ጥሩ አጥሚት ነበር።»

«ኮሮና አልነበረም?»

«ለቅሶ ነበር እንጂ ምን ኮሮና አለ። ሻንጣው ተቆልፎ መኻል ቤት ቆሟል። ብትገቢ ታዪዋለሽ። ሰው የማያስገባ በሽታ ያኔ እሱ ብቻ ነበር።» ሲቲና የዓሣውን እሾህ እየለቀመች ሳሕኑ ዳር ደረደረችው። «ከዚያ ልብሶቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ያን አረንጓዴውን ከየት ነው ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ ጀይሉ ከጁባ አመጣልኝ አልኩሽ።»

«ጁባ እኮ ልብስ የሚሄደው ከዚህ ነው።»

«ከተናገርኩት በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።»

«እኔም ገርሞኝ ነበር።»

ገንዘቤ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች፤ እጇ ላይ ቃሪያ ስለነበረ ባሰባት። ሲቲና የሻሿን ጫፍ በውኃ ነክራ ሰጠቻት።

«ባውቅ ኖሮ በሩን ገንጥዬ እገባ ነበር» አለች ገንዘቤ።

«አንቺስ? ማክሰኞ ዝም ብለሽኝ ልትሄጂ ነበር?»

«ዓሣ ጋብዤሽ ነዋ።»

«ዓሣ ጋብዘሽኝ» አለች ሲቲና፣ ቃሉን እንደምትመዝን ቀስ ብላ። ከዚያ ሳቀች። ገንዘቤም አንዱ ዓይኗ እንደተጨፈነ ሳቀች። ሳቁ ረዘመና መጨረሻው ሳቅ አልመሰለም፤ ከተማ ማቶኬውን ማየት ጀመረ።

«ኤንቴቤ ድረስ ትሸኚኛለሽ» አለች ገንዘቤ። የተናገረችው ለሲቲና ነው፤ ያየችው ግን ባሏን ነው።

«ሰው ያየናል» አለ ከተማ። «ሁለት ቀን እኮ ነው የቀረው። ሁለት ቀን ዝም ብንል ምን አለበት?»

ሲቲና ወደ እሱ ዞረች።

«ስማኝማ ከተማ፤ እኔ አፌን ዘግቼ ቀረሁ። አንተ ደግሞ እስቲ ተናግረህ ሂድ።»

ከተማ ዓሣውን ገለበጠ። ጥቂት ቆይቶ ማስኩን ከአገጩ አወረደና ኪሱ ከተተው፤ ተነሥቶም ወደ ጥጉ ሄደ።

«ኡዋይስ» አለ።

«ኦ፣ ከተማ» አለ ኡዋይስ ከማስኩ ውስጥ። «አላየሁህም።»

«ማክሰኞ ካናዳ ልሄድ ነው።»

ተናግሮ ቆመ፤ የሆነ ነገር እስኪወድቅ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ጣራው ባለበት ነው። ውጭ አንድ ቦዳ ጥሩምባ ነፍቶ አለፈ።

«ማሻአላህ፣ እንኳን ደስ አለህ» አለ ኡዋይስ። «እኛ እንኳ ዓሣ አምሮን ነው።»

«አባዬ፣ ሲድኒ ውስጥ ዓሣ...» ብላ ትንሿ ልጅ ስትጀምር እናትየዋ አፏን በማቶኬ ሞላችው።

«ሁለተኛውን ሱቅ አላህ ያቅናልህ» አለው ከተማ፤ ትከሻውን መታ አድርጎት ተመለሰ። እንደተቀመጠ አንድ ትልቅ ቁራሽ ጎረሰ።

ሁለቱ ሴቶች እሱ በሌለበት የማክሰኞን ጉዳይ ጀምረውት ነበር። አልጋውን ሲቲና ትወስዳለች፣ ምንጣፉን ለአከራይዋ ላለመተው ተስማምተዋል።

«መኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» አለች ሲቲና።

«እኔ እንጃ» አለች ገንዘቤ፤ «ለእኔም አልነገረኝም።»

ሲቲና ከተማን አየችው። ገንዘቤም አየችው።

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አለ ከተማ። የጎረሰውን ዋጠ፣ ውኃ ጠጣበት፣ ከዚያ ሬዲዮ በሌለበት፣ በደህናው ድምፁ ተናገረ፦

«ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት።»

«ሱብሒን ሰግጄ በሩ ላይ ነኝ» አለች ሲቲና፣ የገንዘቤን ዓሣ እሾህ መልቀም እየጀመረች። «የፊት ወንበር ግን የእኔ ነው። ከኋላ ከተቀመጥኩ ያስመልሰኛል።»