የቀኝ እጅ ሞገድ

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ሰመመን ሳይወስደው በፊት፣ "ልጄ፣ ቀኝ እጄን አደራ። መቀስ የምይዘው በሱ ነው" አለ።

"አይስጉ አባቴ" አለው ቴክኒሻኑ። እሱ ራሱ ግን ሰግቶ ነበር።

ሥራው አንጎልን መጠበቅ ነው። በሁለቱ የእጅ አንጓዎች ላይ የለጠፋቸው ሽቦዎች ነርቩን በትንሽ ኤሌክትሪክ ይነካሉ፤ ምልክቱ በክንድ ወጥቶ አንጎል ሲደርስ ስክሪኑ ላይ ሞገድ ይሆናል። ቀዶ ሐኪሙ የጠበበውን የአንገት ደም ስር ለመጥረግ ቆንጥጦ ሲዘጋው ሞገዱ ከወደቀ፣ አንጎል ደም አጥሮታል ማለት ነው። ያኔ ደሙን በጊዜያዊ ቱቦ ማሳለፍ ግድ ይላል። ቱቦው ደግሞ ደም ስሩ ውስጥ የተጋገረውን የስብ ጓል ገፍቶ ወደ አንጎል ሊሰድ ስለሚችል እንዲሁ አይገባም።

ባለፈው ሳምንት ቴክኒሻኑ "ወደቀ!" ብሎ ጮኾ ቱቦ ከገባ በኋላ፣ ጥፋቱ የላላ ሽቦ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ስሙ "ሳይረን" ሆኗል።

"ሳይረን፣ ልዘጋ ነው" አለ ቀዶ ሐኪሙ። "ዛሬ ደግሞ ነፍሳችንን እንዳታወጣት።"

ቀኝ እጅን የሚያዘውን የግራ አንጎል የሚመግበው የግራው ደም ስር ተዘጋ። የግራ እጅ ሞገድ ንቅንቅ አላለም። የቀኙ ግን ግማሽ ሆነ፤ ከዚያ እንደ ክር ቀጠነ።

ሽቦው ይሆን? ቴክኒሻኑ ጎንበስ ብሎ በጨርቁ ስር አንጓውን ዳበሰ፤ ሽቦው አልላላም። በሽማግሌው ትከሻ ላይ የለጠፈው መቀበያ ሽቦም ምልክቱን እያነበበ ነው።

"ዶክተር፣ የቀኙ ወድቋል።"

"ሽቦህን እይ።"

"አይቻለሁ። ትከሻ ይደርሳል፤ አንጎል አይደርስም።"

"የደም ግፊቱስ?"

"ደህና ነው" አለች ሰመመን ሰጪዋ።

"ብትሳሳትስ አንተ?"

"ያባሩኝ። አሁን ግን ቱቦውን ያስገቡልኝ።"

ቀዶ ሐኪሙ እጁን ዘረጋ። "ቱቦ!"

ቱቦው ገባ። ሞገዱ አልተመለሰም። ቆይታ ስክሪኑ ላይ አንዲት ጉብታ ብቅ አለች፤ ጠፋች፤ ደግማ ብቅ አለች። ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ ከቀድሞው ዝቅ እንዳለች ቀረች።

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ሲገልጥ ቴክኒሻኑ ቀኝ እጁን ይዞ ነበር።

"አባቴ፣ ይጨብጡኝ።"

ምንም የለም።

"ገና በደንብ አልነቁም፤ ታገስ" አለች ሰመመን ሰጪዋ።

"አባቴ፣ እባክዎ!"

ጣቶቹ ቀስ ብለው ተሰበሰቡ። አጨባበጡ የላላ ነበር።

"ይድገሙልኝ።"

ደገመ።

"አንዴ ብቻ!"

"ምነው ልጄ" አለ ልብስ ሰፊው በሻከረ ድምፅ፣ "ሰላምታ አይበቃህም?"

ቴክኒሻኑ እጁን አልለቀቀም።