ግማሽ ዙር አየር

ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ መለኪያው ናይትሮጂን ሦስት ነጥብ አንድ በመቶ አለ። ከአንድ ማለፍ አልነበረበትም። ቁጥሩን መዝገቤ ላይ ጻፍኩና ብዕሩን አስቀመጥኩ። ሦስተኛው ሙከራ በአራተኛ ቀኑ ወደቀ ማለት ነው።

የምሠራው የከተማው ፍሳሽ በሚጣራበት ግቢ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ከፍሳሹ የሚቀረው ዝቃጭ ማብላያ በምንላቸው ሁለት ትልልቅ የታሸጉ ጋኖች ውስጥ ያለ አየር ይብላላና ጋዝ ይሰጣል። ያ ጋዝ ለዓመታት የግቢውን ማሞቂያ ሲያነድ ኖሯል፤ የተረፈው በከንቱ ይቃጠል ነበር። አሁን በውሰት የመጣ ማጣሪያ ተተክሎ፣ የተጣራው ጋዝ በከተማው መስመር አልፎ የሰው ምድጃ እንዲደርስ ነው የታሰበው። ተረካቢው ድርጅት ሰባት ቀን ሙሉ አንዴም ያልተበላሸ ጋዝ ማየት ይፈልጋል። ሁለት ጊዜ ሞክረን ሁለት ጊዜ ወድቀናል፤ ይህ የመጨረሻው ነበር። ውሉ አንድ ቀዳዳ ብቻ ትቶልናል። የብልሽቱ ምክንያት በሁለት ቀን ውስጥ ታውቆ፣ ያጠፋው ሰው ፈርሞበት ከቀረበ ቆጠራው ከአንድ ይጀመራል። ካልሆነ ማጣሪያው ተፈትቶ በመጣበት መኪና ይመለሳል።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ስነግረው አልተቆጣም። ለቁጣ የሚሆን ጉልበት እሱም አልቀረውም።

"ምክንያቱን ከነሰውዬው አምጡልኝ" አለ ዐይኑን እያሸ። "ማንም ይሁን ማን፣ የዚያን ሰው እጅ ከእንግዲህ እዚህ ቧንቧ ላይ ማየት አልፈልግም። ታክቶኛል።"

ይህን ሲል የሁላችንም ዐይን ማጣሪያውን ከቧንቧው ጋር ወደ ገጣጠመው መካኒክ ሄደ።

ያን ቀን ሙሉ ከመካኒኩ ጋር ቧንቧውን ተከትለን ስንሄድ ዋልን። እሱ በየመገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባል፤ እኔ አረፋው ይነፋ እንደሆነ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። አንድ መቶ አሥራ ስድስት መገጣጠሚያ። አንዱም አልተነፋም።

"እህቴ፣" አለኝ ሰባ ምናምነኛው ላይ፣ "የከተማው ሰው ይህ ጋዝ ከየት እንደመጣ ቢያውቅ ራቱን የሚበላ ይመስልሻል?"

"ሽታ የለውም እኮ።"

"ስለ ሽታው አይደለም፣ ስለ ሐሳቡ ነው እንጂ። ትናንት የሸኘውን ዛሬ ምድጃው ላይ ሊያገኘው።"

ሳልፈልግ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ብሩሹን ባልዲው ውስጥ እየነከረ "የእኔን ቡሎን ነው የሚጠረጥሩት፣ አይደል?" አለ። "ኮንትራቴ የወሩ መጨረሻ ላይ ያልቃል። ሰበብ ለፈለገ ሰው ጥሩ ጊዜ ነው።"

ባልዲውን አነሣሁለት። ወደሚቀጥለው መገጣጠሚያ ሄድን።

በማግስቱ ጠዋት የስድስት ሳምንቱን መዝገብ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩ። ናይትሮጂን ከአየር ነው የሚመጣው። አየር ከገባ ደግሞ ኦክስጅንም አብሮ መታየት ነበረበት፤ በእኛ መለኪያ ግን ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አየሩ የሚገባው ማጣሪያው አጠገብ አይደለም። ኦክስጅኑን የሚበሉ ተሕዋስያን ባሉበት ነው፣ ማብላያው ውስጥ። የመካኒኩ ቡሎኖች ነጻ ወጡ። ቀጥዬ ሰዓቱን አየሁ። ቁጥሩ ጠዋት ይወጣል፣ ከሥራ መውጫ በኋላ ይወርዳል፤ አብዛኛውን ቀን ከአንድ በታች ነው፣ የሚያልፈው ጋኖቹ የሚሰጡት ጋዝ ባነሰበት ቀን ብቻ ነው። በስድስት ሳምንት ውስጥ ጨርሶ ያልወጣበት ሁለት ቀን ብቻ አገኘሁ፤ ሁለቱም ማክሰኞ።

በእነዚያ ሁለት ቀኖች ምን እንደተለየ የግቢው መዝገብ አይልም። እኔ ግን አወቅሁ፤ ያወቅሁትም ከቤቴ ነው። የባለቤቴ እናት ዐይናቸውን ሊታከሙ የሄዱት በእነዚያ ማክሰኞዎች ነው። ለሙከራው ሲባል የሁሉም ሰው ዕረፍት ተከልክሎ ሳለ፣ ተለምኖ የተፈቀደው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ወስደው ለሚመልሷቸው ለባለቤቴ አባት፣ ለአማቴ። አማቴ የማብላያው ሠራተኛ ናቸው።

መዝገቡን ዘጋሁት። ሆድ ይፍጀው ማለት እችል ነበር። ግን እኔ ዝም ብል ጣቱ የሚቀሰረው መካኒኩ ላይ ነው፤ ማጣሪያውም ይሄዳል።

አማቴን ግቢው ውስጥ "ሐኪሙ" ይሏቸዋል። የጋኑን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳብሰው ሙቀቱን ይናገራሉ፤ ለክቼ አይቻለሁ፣ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስተው አያውቁም። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። እኔን ለዚህ ሥራ አምጥተው ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው፤ ጠዋት በአንድ አውቶቡስ መጥተን ማታ በአንድ ጣሪያ ሥር እንገባለን።

ሁለተኛው ጋን ሥር አገኘኋቸው።

"አባባ፣ ጠዋት እንደገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው?"

"ጫማዬን እለውጣለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ምን ነካሽ ልጄ፣ መርማሪ ሆንሽብኝ እኮ።" ቢሆንም ፈገግ ብለው ወደ ጋኑ ጀርባ ወሰዱኝ። ከአሮጌው ኮምፕሬሰር የሚነሣ፣ አውራ ጣት የሚያህል ቧንቧ እስከ ጋኑ አናት ይወጣል። የቫልቩ እጀታ ከመነካካት ብዛት ቀለሙ አልቆ ያብረቀርቃል። "ግማሽ ዙር። ከዚያ አላልፍም። ስወጣ እዘጋዋለሁ።"

"ለምን?"

"ያ የገማ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ እንዲረግብ ነዋ። የማሞቂያውን ቧንቧ ይበላብን ነበር፣ በዓመት ሁለት ጊዜ እንቀይር ነበር። የድሮው አለቃችን ነው ያሳየኝ፣ ነፍሱን ይማረውና። ትንሽ አየር ሲያገኝ ይተወዋል። ከዚያ ወዲህ አንድ ቧንቧ አልተቀየረም።" ወደ አዲሱ ማጣሪያ በአገጫቸው አመለከቱ። "ይሄ ደግሞ የሰው ዕቃ ነው። በእኛ እጅ ተበላሸ እንዳይባል ብዬ አንድ ቀን አላጓደልኩም።"

ለማሞቂያው ልክ ነበሩ። አዲሱ ማጣሪያ ግን ለሚሸተው ጋዝ የራሱ የከሰል በርሜል አለው፤ ናይትሮጂንን የሚለይበት መንገድ ነው የሌለው። ይህ በሥልጠናው ላይ ተነግሯል። ሥልጠናው ላይ የተቀመጥነው እኔና መሐንዲሶቹ ነበርን።

ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። እጃቸው እንደ ልማዱ ቫልቩ ላይ ነበር።

"ስድስት ሳምንት ሙሉ?"

"አዎ።"

"ያ ልጅ ቡሎን ሲያጠብቅ የከረመው በእኔ ጦስ?"

"አዎ፣ አባባ።"

ቫልቩን ዘጉት። ከተዘጋም በኋላ ደግመው አጠበቁት።

"የት ላይ ነው የሚፈረመው?"

"ከዚህ ያነሡዎታል።"

"ሰማሁ እኮ። የት ላይ ነው?"

ሥራ አስኪያጁ አማቴ የፈረሙበትን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበው። "ምነው ሳይነግሩን?" አለ።

"ማን ጠየቀኝ?" አሉ አማቴ። በትዕቢት አልነበረም፤ በእርግጥ ማንም አልጠየቃቸውም።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አጠፈው። "ሌላስ እንዲህ ያለ፣ ያልተጻፈ የሚያደርጉት ነገር ይኖራል?"

"አንድ ሁለት አይጠፋም።"

"ሁሉንም ለእሷ ይንገሯትና ትጻፈው። ተጽፎ እስኪያልቅ ቦታዎ ላይ ይቆዩ። ሲያልቅ እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው፣ ወደ ጥበቃው ቤት ይዛወራሉ።"

ከሰዓት በኋላ ላብራቶሪው ውስጥ ተቀመጥን፤ እሳቸው እየተናገሩ እኔ እየጻፍኩ። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ዝቃጩ በሲሶ ተቀንሶ ይገባል። አረፋው የኮመጠጠ ከሸተተ ግማሽ ቀን ምንም አይሰጠውም። የሁለተኛው ጋን ማማሰያ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ካልዞረ ፀጉርና ጨርቅ ይጠመጠምበታል። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ጣቶቼ ደነዘዙ። እሳቸው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ያዩታል።

"ይሄ ሁሉ እዚህ ከገባ፣" አሉ፣ "ማንም አንብቦ ይሠራዋል ማለት ነው።"

"ይቀጥሉ፣ አባባ።"

"አንድ ቀርቷል።"

"ምንድን ነው?"

"እሱን ነገ። ዛሬ ደክሞኛል።"

በማግስቱ አራት ነገር ነገሩኝ፤ ከሥራ መውጫ ላይ አንድ ቀርቷል አሉ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በአውቶቡስ ስንመለስ ስለዚህ አናወራም። እሳቸው መስታወቱን ተደግፈው ያንቀላፋሉ፣ እኔም አንዳንዴ።

አዲሱ ቆጠራ ሰባተኛ ቀኑን ሲይዝ መለኪያው ዜሮ ነጥብ አራት አለ። የተረካቢው ሰው ፈረመ፤ መካኒኩ የመስመሩን ቫልቭ ከፈተ፤ ጋዙ ወደ ከተማው ሄደ። ሥራ አስኪያጁ የሁላችንንም እጅ ጨብጦ ያገኘው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ዝርዝሩን ጠየቀኝ።

"አለቀ?"

ወረቀቶቹን ገለጥኩ። አርባ ሦስተኛው ላይ ደርሰናል። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ የተጻፉት ከላይ ያሉት ራሳቸው ናቸው፣ በሌላ አነጋገር። ይህን ሳላይ አልቀረሁም፤ ሥራዬ ማየት ነው።

"አንድ ይቀራል" አልኩት።