ሲባጎው ሦስት ሲታጠፍ

"ዞር በይ!" ብለው አባ መጋዝ ከመሰላሉ ላይ ሲጮኹ፣ ልጃቸው ቀና ብላ ለማየት እንኳ ጊዜ አላገኘችም፤ ዝም ብላ ዘለለች። ሞተር መጋዙ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየተላተመ ቁልቁል ወረደና፣ ቆማበት ከነበረው ቦታ አንድ እርምጃ ፈንጠር ብሎ ሦስት የአበባ ማሰሮዎች አደቀቀ። ከዚያ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ጸጥ አለ።

ላይ ደግሞ አባ መጋዝ በአንድ እጃቸው ቅርንጫፍ፣ በሌላው መሰላሉን ጨብጠው፣ አንድ እግራቸው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

"ደህና ነሽ?"

"እኔ ደህና ነኝ! አንተስ አባዬ?"

"እኔ ምን እሆናለሁ? ይኼ የተረገመ ቅርንጫፍ ነው የገፋኝ።"

ቅርንጫፉ ማንንም አልገፋም። ምስኪን፣ ውፍረቱ ከሕፃን ክንድ አይበልጥም ነበር። ጥፋቱ የመጋዙ ነው፤ የመጋዙም ሳይሆን የርዝመቱ። ሞተር መጋዝ ሰንሰለቱ የሚሽከረከርበት ረጅም ብረት አለው፤ በሥራው ያሉ ሰዎች ምላስ ይሉታል። የአባ መጋዝ መጋዝ ምላስ ሦስት ስንዝር ያልፋል። እንዲህ ያለ ምላስ ቅርንጫፍ በተጠላለፈበት ቦታ ሲገባ፣ ሆዱ አንዱን ሲቆርጥ ጫፉ ከኋላ ያለውን ሌላ ይነካል፤ ጫፉ እንጨት የነካ መጋዝ ደግሞ ተስፈንጥሮ ወደ ያዘው ሰው ይመለሳል። አባ መጋዝ ይህን ለሰው ሁሉ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ለራሳቸው ግን ማን ያስተምራቸው!

ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። በየሰው ግቢ ዛፍ መቁረጥ ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ማንም አያስታውሰውም። ልጃቸው ከሳቸው ጋር መሥራት ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። ገመድ ትይዛለች፣ መኪና ትነዳለች፣ ከባለቤቶች ጋር ትነጋገራለች። መሰላል ላይ ግን አትወጣም። "አንድ ሚስት፣ አንድ መጋዝ!" ይላሉ አባቷ ሰው ፊት ደረታቸውን ነፍተው። ሚስታቸውን በእርግጥ አልቀየሩም። መጋዙን ግን አምስት ጊዜ ቀይረዋል፤ አምስቱንም ጊዜ የገዙት ሱቅ ውስጥ ካለው ሁሉ ትልቁን ነው።

የግቢው ባለቤት፣ ጡረታ የወጡት መምህርት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከማዕድ ቤት ወጡ። አንዴ ማሰሮዎቹን፣ አንዴ መሰላሉን አዩ።

"አባ መጋዝ፣ ጣራዬ ላይ ያጋደለውን ዛፍ ነው ወይስ አበባዬን ነው ቁረጡልኝ ያልኩት?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። ማሰሮውን እተካለሁ።"

"ማሰሮው ገደል ይግባ! እንኳን ሰው ተረፈ። ግን ስሙኝ፣ እኔ በግቢዬ ሰው አላስገድልም። እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው እጠራለሁ።"

"መጋዙ ነው እትዬ፤ አርጅቷል" አለች ልጅቷ ፈጥና። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት አዲስ ይዘን እንመለሳለን።"

ልጅቷ ፒካፑን እየነዳች ወደ መሣሪያ ሱቅ ስታመራ ፍርሃቱ አልለቀቃትም። የፈራችው ለራሷ አልነበረም። ያ አየር ላይ የቀረው እግር ነው ከዓይኗ አልጠፋ ያላት። አባቷ ያንን የሚያህል ብረት ይዘው ዳግመኛ መሰላል እንዲወጡ አትፈልግም። ዛሬ ሌላ ትልቅ መጋዝ ከገዙ ደግሞ አምስት ዓመት ይወጡበታል፤ ያውም አምስት ዓመት ከደረሱ ነው። ግን እንዴት ተብሎ ይነገራቸዋል? ባለፈው ዓመት "አባዬ፣ ዛሬ እኔ ልውጣ" ብትላቸው ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፈው ምሳቸውን መኪና ውስጥ ብቻቸውን በልተዋል።

የመሣሪያ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሞተር መጋዞች ከትንሽ ወደ ትልቅ በተራ ተሰቅለዋል። አባ መጋዝ ሰላምታቸውን እንኳ ሳይጨርሱ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ሄዱ።

"ይኼንን አውርጂልኝ የኔ ልጅ።"

ባለሱቋ እስክሪብቶ ጸጉሯ ውስጥ የሰካች፣ ሳቅ የሚቀናት ሴት ናት። "ምን ሊቆርጡበት ነው አባቴ?"

"እንጨት ነዋ!"

"ሽንኩርት እንዳልሆነማ ገብቶኛል። ምን ያህል የሚወፍር እንጨት?"

"አሳዪያት" አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ ኩራት በተሞላበት ድምፅ። ልጅቷ ከረጢቱን ከትከሻዋ አውርዳ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። ሲባጎ ነው፤ አንድ ቁና ሙሉ ቁርጥራጭ ሲባጎ።

የሲባጎው ዘዴ የአባ መጋዝ የራሳቸው ነው። ግንድም ሆነ ቅርንጫፍ ከመቁረጣቸው በፊት ዙሪያውን በሲባጎ ይለኩና ሲባጎውን እዚያው ላይ ይበጥሱታል፤ ዋጋ የሚነገረውም በሱ ነው። የዓመቱ ሲባጎ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። መጋዝ የሚገዙ ዕለት ታዲያ ረጅሙን መዝዘው፣ ከሱ እኩል የሆነ ምላስ ሲፈልጉ ይውላሉ። አግኝተው አያውቁም። እስከ ዛሬ የገጠሟቸው ባለሱቆችም ትልቁን ይሸጡላቸውና "ምን ይደረግ አባቴ፣ ከዚህ የሚበልጥ አልተሠራም" እያሉ ያጽናኗቸው ነበር።

ዛሬም ረጅሙን ሲባጎ መዘዙና ትልቁ መጋዝ ላይ ዘረጉት። ግማሹ ተርፎ ወለሉን ነካ።

"ይኸው! አየሽ? እንዲያውም ያንሰኛል።"

ባለሱቋ ሲባጎውን አየች፤ መጋዙን አየች፤ ከዚያ አባ መጋዝን አየች።

"አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ግንዱን ሊያቅፉት ነው ወይስ ሊቆርጡት?"

"እንዴት?"

"ይኼ እኮ ዙሪያው ነው። ምላስ በዙሪያ አይሄድም፤ በመሀል ነው የሚሄደው።" ሲባጎውን ከእጃቸው ተቀብላ ሦስት እኩል አጠፈችው። "ውፍረቱ የዚህ ሲሦ ነው። ይኸው።"

የታጠፈው ሲባጎ ከትልቁ መጋዝ ግማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ።

ለነገሩ የአባ መጋዝ እጅ ይህን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያውቀዋል፤ ግንድ ላይ ተሳስቶ አያውቅም። ሱቅ ሲገቡ ግን እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ይቀርና ሲባጎው ብቻውን ይገዛል። መጀመሪያ የሳቀችው ልጃቸው ናት። አፏን በመዳፏ ብትይዘውም አላስቻላትም፤ በአፍንጫዋ አመለጣት። ባለሱቋ ተከተለች። አባ መጋዝ ሊቆጡ ቅንድባቸውን ሰበሰቡና፣ እሳቸውም ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ።

"አምስት መጋዝ!" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "አምስት መጋዝ ሙሉ ይኼን የነገረኝ ሰው ይጥፋ?"

ሦስቱም ባንኮኒው ላይ ተደፍተው ሲባጎውን አንድ በአንድ እያጠፉ መለየት ያዙ። ሲታጠፍ አንድ ስንዝር የማይሞላውን ወደ ግራ፣ ከዚያ በላይ እስከ ሁለት ስንዝር የሚደርሰውን ወደ መሀል፣ የባሰውን ወደ ቀኝ አደረጉ። የግራው ክምር እያበጠ ሄዶ ሂሳብ ማሽኑን ሸፈነው። የመሀሉ ግማሹን ያህላል። በቀኝ በኩል ሁለት ሲባጎዎች ብቻ ተቀምጠዋል።

"ለነዚህ ለሁለቱ ብለው ነው ዓመቱን ሙሉ ያንን ብረት የሚሸከሙት?" አለች ባለሱቋ። "ምላሱ አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን ትንሽ መጋዝ ለቅርንጫፉ፣ ሁለት ስንዝር የሚሆን መካከለኛ ለግንዱ ይውሰዱ። እነዚህን ሁለቱን ደግሞ መካከለኛውን ከዚህም ከዚያም ወገን ካስገቡት ይጨርሳቸዋል።"

"እሱንማ አውቀዋለሁ" አሉ አባ መጋዝ ቀስ ብለው።

"እንግዲያውስ ከኋላ መሞከሪያ ግንድና ቅርንጫፍ አለ። ሁሉንም ይሞክሩ።"

ትንሹን በአንድ እጃቸው አንጠለጠሉት። "ምንድነው ይኼ? ጢሜን ልላጭበት?" አሉ። አስነስተው ግን ቅርንጫፉ ላይ ሲያስጠጉት፣ መቆረጡን ያወቁት እግራቸው ሥር ሲወድቅ ነው። ሌላ ቆረጡ። ሦስተኛም ቆረጡ፤ ይህኛው እንኳ ለሙከራ ሳይሆን ለደስታ ነበር። ቀጥሎ መካከለኛውን ግንዱ ላይ ሞክረው ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ "እስቲ ያንንም" ብለው ትልቁን ተቀበሉ።

ግንዱን በደንብ ቆረጡት፤ መስመሩ እንኳ አልተዛነፈም። መጋዙን ካስቀመጡ በኋላ ግን ባለሱቋ ያቀረበችላቸውን ውሃ ሲያነሱ ብርጭቆው ጥርሳቸውን መታው። ውሃው አገጫቸው ላይ ፈሰሰ። ብርጭቆውን መልሰው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ባለሱቋ ስልክ የተደወለላት አስመስላ ወደ ውስጥ ገባች።

"አባዬ።"

"ምን?"

"እጅህን አየሁት።"

"ሞተሩ ነው ያንቀጠቀጠው።"

"ሞተሩ እኮ ጠፍቷል።"

አባ መጋዝ ግንዱ ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

"ጠዋት ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር" አለቻቸው። "ያ እግርህ አየር ላይ ሲቀር ምን እንደመሰለኝ ታውቃለህ? ለእማዬ ምን እላታለሁ ነው ያልኩት። ፈራሁ አባዬ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እየፈራሁ ነው።"

"እኔስ አልፈራሁም?" አሉ ድንገት። "ማሰሮው ሲሰበር የአንቺ ጭንቅላት መስሎኝ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ነው 'ደህና ነሽ' ያልኩሽ።"

አባ መጋዝ በጫማቸው ጫፍ ሰጋቱራውን ወዲያና ወዲህ አደረጉት።

"ትንሹን ይዤ ሰፈር ስገባ አባ መጋዝ አለቀለት ይሉኛል።"

"ይበሉ! ከመሰላል ወድቆ አለቀለት ከሚሉህ አይሻልም?"

"አፍሽ እንደ እናትሽ ነው" አሉና በጉልበቷ ተደግፈው ተነሱ። ሱቁን አቋርጠው ሲመለሱ ትልቁን መጋዝ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው አለፉትና፣ ትንሹንና መካከለኛውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። "ጠቅልዪልን" አሉ።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ ከመምህርቷ ግቢ ደረሱ። ልጅቷ ደስ ብሏታል፤ ደስታዋ ግን ግማሽ ነው። መጋዙ አንሷል፤ መሰላሉ ግን ያው መሰላል ነው። ትንሹም ቢሆን ስድስት መወጣጫ ላይ ቆሞ የሚይዘው ያው የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው። ስለዚህ ደግሞ ሌላ ቃል ብትናገር፣ ገና አሁን የተቃና ነገር ይበላሻል ብላ ሰጋች። ገመዱን መፍታት ጀመረች።

አባ መጋዝ ከመኪናው ውስጥ ወፍራሙን የቆዳ ቀበቶ አወጡ። ዛፍ ላይ ሲወጡ ወገባቸውን ከግንዱ ጋር የሚያስሩበት ነው፤ ከተገዛ ሠላሳ ዓመቱ፣ ቆዳው በወገባቸው ልክ ጎብጧል። ታጠቁት። መሰላሉ ሥር ሄደው ቀና አሉ። ጠዋት እግራቸው የሳተበትን ቦታ ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ምነው፣ የቀረ ነገር አለ?" አሉ መምህርቷ ከማዕድ ቤቱ ደጃፍ።

"መዶሻና ምስማር ይኖርዎታል እትዬ?"

መምህርቷ ግራ እየገባቸው አመጡላቸው። አባ መጋዝ ቀበቶውን ፈቱ።

"ነይ እስቲ፣ እዚህ ቁሚ" አሏት ልጃቸውን።

ቀበቶውን ወገቧ ላይ አዞሩት። በመጨረሻው ቀዳዳ እንኳ ሰፋት፤ እስከ ዳሌዋ ወረደ። በአውራ ጣታቸው ልኩን ያዙና አውልቀው፣ ድንጋይ ላይ አስተኝተው በምስማሩ አዲስ ቀዳዳ በሱለት። መልሰው ሲያስታጥቋት ጥብቅ አለ። የተረፈው ጫፍ ግን እስከ ጉልበቷ ተንጠለጠለ።

"ይኼ አይሆንም፤ ሰንሰለቱ ይይዘዋል" አሉና ሰንጢያቸውን አወጡ።

"ቆይ አባዬ! አጥፌ እሰካዋለሁ።"

"የሚንጠለጠል ነገር ይዘሽ አትወጪም።"

"ከቆረጥከው እኮ ሁለተኛ ለአንተ አይደርስህም።"

"አውቃለሁ" አሉና ቆረጡት።

ቁራጩን ኪሳቸው ከተቱት። ትንሹን መጋዝ አቀበሏት፤ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው እግራቸውን አደላደሉ።

"ውጪ እንግዲህ። ይዤዋለሁ።"