የፍልሰታ እንግዶች

ፈትለወርቅ እንግዳ መቀበል ታውቅበታለች፤ ይህን የሚክዳት የለም። አሜሪካ፣ ግሪን ቫሊ ራንች በሚባል ሰፈር ያለው ቤቷ ክርስትና ተደግሶበታል፣ ለቅሶ ተቀምጠውበታል፣ ከአገር ቤት የመጣ የዘመድ ዘመድ ሁሉ አድሮበታል። ከጀርመን የመጡ ኮረዶችን ግን አስተናግዳ አታውቅም ነበር።

ነገሩን ያመጣችው ልጇ ሔቨን ናት። በምትማርበት ሃይስኩል በኩል የተማሪ ልውውጥ አለ። በዚህ ነሐሴ ሁለት የውጭ ልጆችን ለሁለት ሳምንት ተቀብሎ በደንብ ያስተናገደ ቤተሰብ፣ በሚቀጥለው ዓመት የራሱን ልጅ ወደዚያ ይልካል። ሔቨን ዐሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤ ካደገች ወዲህ ከእናቷ ጋር የምታወራው በመኪና እንድታደርሳት ስትፈልግና ዋይፋይ ሲቋረጥ ብቻ ነበር። ያን ቀን ግን መጥታ እናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና፣ "ማሚ፣ ፕሊስ፣ ይሄን ብቻ" አለቻት። ለፈትለወርቅ ይህ በቂ ነበር። እንዲህ ተጠግታ ከለመነቻት ጀርመን ቀርቶ ጨረቃ ላይ ላኪኝ ብትላትም እሺ ባለች ነበር። አባትየው ይመር ትራክ ይነዳል፤ ያን ሰሞን ኔብራስካ ነበር፤ በስልክ "አንቺ ካልሽ" ብሎ ዘጋው።

ችግሩ እንግዶቹ የሚመጡት በፍልሰታ መሆኑ ነው። ፈትለወርቅ ፍልሰታን ከልጅነቷ ጀምሮ አንድም ቀን ገድፋ አታውቅም። ሔቨንም እያጉረመረመች ቢሆንም ከእናቷ ጋር ትጾማለች። እንግዳ ግን የሰው ጾም አይጾምም፤ ስለዚህ ለእነሱ የፍስክ ምግብ ይሠራል፣ የቤቱ ሰው ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽሮውን በየጓዳው ይበላል። ይህን የሚያስረዳላት ሰው ያስፈልጋት ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አየር ማረፊያ ዊልቸር ገፍታለች፤ እንግሊዝኛዋ መንገደኛውን የአውሮፕላኑ መሳፈሪያ በር ድረስ ያደርሰዋል፣ ሃይማኖት ላይ ሲደርስ ግን ይንተባተባል። እንግዶቹ በገቡ ዕለት ሔቨንን ጠርታ፣ ጾም ላይ ነን፣ ስለዚህ ነው አብረን የማንበላው፣ እንዳይከፋቸው አስረጂያቸው አለቻት። ሔቨንም በማግስቱ፣ ነግሬያቸዋለሁ፣ አንቺ ደግመሽ እንዳታነሺው፣ ያሳፍራል አለቻት። ፈትለወርቅ አመነቻት። ልጇን ካላመነች ማንን ልታምን ነው?

እንግዶቹ፣ ክላራና ዮሐና፣ ረጃጅም፣ ሥርዓት ያላቸው ልጆች ነበሩ። ፈትለወርቅ ያላትን የዓመት ፈቃድ በሙሉ ወሰደችና ጉድ ጉድ ትል ጀመር። ሬድ ሮክስ የሚባለው በቋጥኝ መሀል ያለ የኮንሰርት ቦታ ወሰደቻቸው፤ እነሱ ደረጃውን እየሮጡ ሲወጡ፣ ባዶ ሆዷን ከታች ፀሐይ ላይ ቆማ ቦርሳ ጠበቀች። ማን ማንን እንዳሸነፈ ሳይገባት ሦስት ሰዓት ሙሉ ቤዝቦል አየች። ለበርገር ብላ ግሪል ገዝታ ጓሮዋ ውስጥ ሥጋ ስትጠብስ፣ ሽታው ምራቋን እያስዋጣት ፊቷን አዙራ አቡነ ዘበሰማያት ትደግም ነበር።

ጾመኛ ጨው ለመለካት አይቀምስም፤ በግምት ነው የምትሠራው። አንዳንድ ቀን ይሳካል፣ አንዳንድ ቀን ልጆቹ ጨው በዝቶባቸው ውኃ በላይ በላዩ ይጠጣሉ። ሲበሉ እሷ አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ ሳህናቸው ጎደል ሲል ትሞላለች፣ "ብሉ፣ ብሉ" ትላለች። እንግዳን ብቻውን ማብላት ነውር ነው፤ ባትበላም አጠገቡ መቀመጥ አለባት። ልጆቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር። ኋላ ኋላ ሳህኑን፣ እሷን ማየት፣ ከዚያም እርስ በርሳቸው መተያየት አመጡ። ክፍላቸውን ስታጸዳ የብስኩትና የቺፕስ ላስቲክ ተከምሮ አገኘች። ልጆች ናቸው ብላ ጠርጋ ጣለችው።

በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የልውውጡ አስተባባሪ ሊንዳ ሳይጠሯት መጣች። ጠረጴዛው ላይ ገና የሚጤስ የዶሮ ጥብስ ቀርቧል፤ ልጃገረዶቹ ግን ከፎቅ አልወረዱም። አሜሪካኖች ሰው ከሥራ ሲያባርሩ የሚያወጧት ለስላሳ ድምፅ አለች፤ ፈትለወርቅ ብዙ ጓደኞቿ በዚያች ድምፅ ሲሰናበቱ ስለሰማች ወዲያው ለየቻት። ሊንዳ በዚያች ድምፅ፣ ልጆቹ ምቾት አልተሰማቸውም፣ ለእነሱ የሚቀርበውን ምግብ ከቤቱ ሰው አንድም አይነካውም፣ እርስዎ ደግሞ ቁጭ ብለው እነሱ ሲጎርሱ ያያሉ፣ ምግቡ ውስጥ ምን እንዳለ መጠራጠር ጀምረዋል አለቻት።

ፈትለወርቅ ጆሮዋን አላመነችም። እሷ ባደገችበት ቤት ጠላ ቀጂ ለእንግዳ ከማቅረቧ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ መርዝ የለበትም ማለት ነው። ስለዚህ ምን ብለው እንደጠረጠሯት በደንብ ነው የገባት። ቀና ብላ ደረጃው ሥር የቆመችውን ሔቨንን አየቻት። ሔቨን ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። አልነገረቻቸውም።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ጾም ላይ ነን፣ ልጄ ንገሪ ብያት ዋሽታኝ ነው ብትል ከሐሜቱ ትድናለች። ግን ጾሙ ከተነሣ ለምን ቀድሞ እንዳልተነገረ መጠየቁ አይቀርምና፣ ጀርመንን በእጇ በያዘች ሴት ፊት የገዛ ልጇን ውሸታም ልታደርግ ነው። ያ ደግሞ ከአፏ አይወጣም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። የዶሮውን እግር ገነጠለችና፣ ሳታማትብ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ባልቀመሰ አፏ ጎረሰች። አኘከች፣ ዋጠች። ጨው ያንሰዋል። "ይኸው፣ በላሁ" አለች በእንግሊዝኛ። "ጥሩ ምግብ ነው። አንድ ቤት ነን፣ እንበላለን።" አጥንቱ እስኪቀር ጋጠችው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ስለነበር ሳህኑ አይታያትም።

ሊንዳ ሳታዝንላት አልቀረችም፣ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

"ይህን ማድረግ አልነበረብዎትም። ውሳኔው ትናንት አልቋል፤ ቼሪ ክሪክ ሰፈር ያለ ቤተሰብ ይጠብቃቸዋል። ስለ ሔቨን ግን እንዳያስቡ፣ የጀርመን ቦታዋ አይነካም። እንግዶቹ እንዳልተመቻቸው ደውላ የነገረችን ራሷ ናት። እንዲህ ያለ አስተዋይ ልጅ ስላለችዎት ሊኮሩ ይገባል።"

ልጃገረዶቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወረዱ፤ አቅፈው አመሰገኗት። ከኋላቸው ሔቨን የራሷን ቦርሳ አንግታ መጣች። ቀሪዎቹን ቀናት አብራቸው ልትቆይ ተጋብዛለች፤ ይህንንም እናቷ የሰማችው ያኔ ነው። ሌሎቹ ወጥተው ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ፣ ፈትለወርቅ ቅባት የነካውን እጇን ከልብሷ አርቃ ይዛ ጠየቀቻት።

"ጾም ነው ማለት ይህን ያህል ከበደሽ?"

"ማሚ፣ ዊርድ ነው እኮ። ኖርማል ቤት እንዲመስላቸው ነው የፈለግኩት።"

"ስበላ እያየሽ ዝም አልሽ።"

ሔቨን በሩን ከፈተች። "ሶሪ" አለችና ወጣች፤ መኪናው ውስጥ ስትገባ ክላራ የሆነ ነገር አለቻትና ተሳሳቁ።

ፈትለወርቅ ጠረጴዛው ፊት ቁጭ አለች። የበላችው ዶሮ አላስጨነቃትም። እሱን ለንስሐ አባቷ ትናገራለች፣ ቀኖና ይሰጧታል፣ ትሰግዳለች፣ ያልቃል። ልጄ አፈረችብኝ የሚለው ግን ለየትኛው አባት እንደሚነገር አላወቀችም።