በቆጮ ጉድጓድ ላይ የተቀመጡት መምህር

መምህር በኃይሉ ከታሪክ አስተማሪነታቸው በጡረታ ከተሰናበቱ ወዲህ በቡታጅራ ሻይ ቤቶች ሰላም ጠፍቷል። ከጢያ ትክል ድንጋዮች በዕድሜ የሚበልጥ፣ ጎራዴ የተቀረጸበት ድንጋይ በዘቢዳር ተራራ ላይ ባለች አንዲት መንደር መኖሩን ገና ሳያዩት አወጁ። ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። ድንጋዩን በዓይናቸው አይተው ካልተመለሱ በከተማው ቀና ብለው መሄድ እንደማይችሉ ነገሩኝና ለምስክርነት ይዘውኝ ወጡ።

የተሳፈርንበት ባጃጅ መንገዱ ካለቀበት አወረደን፤ ሾፌሩም እዚያው ሊጠብቀን ተስማማ። የቀረውን በእግር ወጣነው፤ እርሳቸው ስለ ጥንት ነገሥታት እየተናገሩ፣ እኔ ስለ ጉልበቴ እያሰብሁ።

ድንጋዩ ከአንድ ጎጆ ጓሮ፣ በእንሰቱ መካከል፣ በኮባ ቅጠል በተሸፈነ ጉብታ ላይ ተጋድሟል። መምህሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔም አወለቅሁ።

«አቶ ይትባረክ፣» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ከአንድ ታላቅ ሰው መቃብር ፊት ቆመናል።»

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አሰገደች ከኋላችን ደርሰው ኖሮ፣ «ማን ሞተ?» አሉ ደንግጠው።

«እዚህ የተቀበረው ማን ነው?» አሉ መምህሩ።

«ቆጮ ነዋ!»

ዕድሜያችንን ሙሉ ቆጮ በክትፎ ስንበላ የኖርን ሁለት ሽማግሌዎች፣ የተፋቀው እንሰት ጉድጓድ ገብቶ፣ በድንጋይ ተጭኖ እንደሚብላላ በዚያ ቀን ተማርን።

መምህሩ ግን አላፈሩም። በላይኛው ፊት ምንም ቅርጽ ስላልታየ ድንጋዩ ይገልበጥልኝ አሉ።

«አይነካም! ልጆቼ ለመስቀል ይመጣሉ። ጫናው ከተነሣ አየር ይገባውና ይበላሻል። ምን ላበላቸው ነው?»

«እመቤቴ፣ ይህ እኮ የአገር ቅርስ ነው!»

«ቆጮዬስ የማን አገር ነው?»

አጥር ተደግፎ ያዳምጥ የነበረው ጎረቤታቸው ሰይዶ የመምህሩን ቦርጭ አየና፣ «እትዬ፣ የሚጫን ነገር ከሆነ፣ እኚህ ሰውዬ አይበቁም?» አለ።

ወይዘሮ አሰገደች ገበያ ላይ ሰንጋ እንደሚመርጥ ሰው መምህሩን ዞረው አዩአቸው። «ይበቃሉ» አሉ።

ሰይዶ ወንድሞቹን ከቤት ጠራና አብረው ድንጋዩን ወደ ጎን ገለበጡት፤ መምህሩም ወዲያው በጉድጓዱ ላይ ተቀመጡ፣ ጀርባቸውን ለድንጋዩ ሰጥተው።

«ዞር ልበል?»

«እንዳይነቃነቁ! አየር ይገባል!»

«አቶ ይትባረክ፣ ድንጋዩ ላይ ምን ይታያል?»

ጎንበስ አልሁ። ከጭቃው ሥር አንዲት ክብና አንዲት መስመር ታዩኝ።

«ማንኪያ ይመስላል» አለ ሰይዶ።

«ጎራዴ ነው!» ብለው ጮኹ መምህሩ፣ ፊታቸውን ወደ እንሰቱ እንዳዞሩ።

«በቃ፣ መልሱት!» አሉ ወይዘሮ አሰገደች። ሰይዶና ወንድሞቹ መምህሩን በብብታቸው ይዘው አንሥተው፣ ድንጋዩን እንደነበረ ገልብጠው ጫኑት።

«እኔ እኮ አላየሁም!»

«ለመስቀል ይምጡ፣ አባቴ። ስንከፍተው ያያሉ፤ ይበላሉም።»

መምህሩ ሱሪያቸው ከበስተኋላው እንደራሰ ባጃጁ ውስጥ ገቡ። ገና ሳንንቀሳቀስ ለሾፌሩ አምስት ጎራዴዎችን፣ ከነእጀታቸው፣ ይተርኩለት ጀመር። «አቶ ይትባረክም ምስክሬ ናቸው!»

«እውነት ነው አባባ?» አለኝ ሾፌሩ በመስተዋቱ እያየኝ።

«እኔ ቆሜ በጨረፍታ ነው ያየሁት» አልሁ። «እርሳቸው ግን ተቀምጠው ነው ያጠኑት።»

ሾፌሩ አፍንጫውን ያዘ። «ይህስ የምን ሽታ ነው?»

«የጥንት» አሉ መምህሩ።