እትዬ ፍሬን ከኋላ ወንበር

ትልቁ ልጅ ቁልፉን አዞረ። መኪናው ቀጭ አለና ዝም አለ። ደግሞ አዞረ። ቀጭ።

እናቱ ቦርሳቸውን ታቅፈው ከኋላ ወንበር አዩት። ሰፈሩ የሚጠራቸው እትዬ ፍሬን እያለ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምሩ «ፍሬን!» ብለው የሚጮኹት ጩኸት ሌባ ተያዘ ያሰኝ ነበር። ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚችው መኪና ሠርተው ነው፤ መንዳት ያስተማሯቸውም በእሷው ነው። ዛሬ ግን ከኋላ ተቀመጪ ተባሉ።

«ቤንዚን አልቆ ይሆናል» አለ ትንሹ ልጅ፣ አንገቱን በመስኮት አስግጎ።

እትዬ ፍሬን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሞተሩ ንቅንቅ ያላለ መኪና ቤንዚን ምን ያደርግለታል? በእውነት ይሄን የወለድኩት እኔ ነኝ?

«ቤንዚንማ ሙሉ ነው» አለ ትልቁ። «ባትሪም አይደለም፤ ይኸው መብራቱ በርቷል። ማስነሻው፣ ሞተሪኖው ነው የተቃጠለው፣ አለቀ!»

አለቀ! ትንሽ መብራት የምታበራ ኃይል ሞተር ለማዞር እንደማትበቃ የመጀመሪያ ሳምንት ተማሪ ያውቃል። ወንድማማቾቹ ኮፈኑን ከፍተው ሬሳ እንደሚሰናበት ሰው አጎንብሰው ቆሙ። ትንሹ አንዱን ቱቦ በጣቱ ጫን አደረገና ሐኪም ይመስል ራሱን ነቀነቀ።

ነገሩ የባትሪው ገመድ መላላት ነበር። ጠዋት ልጆቹ ሳይመጡ በመፍቻ ያላሉት ራሳቸው እትዬ ፍሬን ናቸው። ልጆቹ የመጡት እናታቸውን ወስደው የቤቱን ሽያጭ ሊያስፈርሙ ነው። ገዢውን ያገኙት እነሱ፣ ቀኑን የቆረጡት እነሱ፣ ከትልቁ ልጅ ቤት ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል የመረጡላቸውም እነሱ። እሳቸውን የጠየቀ የለም። ስለዚህ እትዬ ፍሬን ለራሳቸው ቃል ገቡ፦ ከሁለቱ አንዱ «እማዬ፣ ምን ሆኖ ነው?» ካለኝ እነግረዋለሁ፤ ሄጄም እፈርማለሁ። አንዲት ጥያቄ ብቻ።

«አሮጌ ነገር እንዲህ ነው» አለ ትንሹ፣ ጎማውን በእግሩ ነካ አድርጎ። «ቦታ ከመያዝ በቀር ምን ይሠራል?»

የሚያወራው ስለ መኪናው እንደሆነ ያውቃሉ። ቢሆንም ከፋቸው።

«ልጆቼ፣ ምናልባት...» ብለው ጀመሩ።

«እማዬ፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ» አለ ትልቁ ዞር ሳይል። «እኛ እያየነው ነው።»

እውነት ነው፣ ሲያዩት ነው ያረፈዱት። ገፍተው እንዳያስነሱት ደግሞ የግቢው መውጫ ዳገት ነው። በመጨረሻ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠራርገው፣ ኮፈኑን እንደተከፈተ ትተው፣ መካኒክ ፍለጋ በእግራቸው ወጡ። ለእናታቸው «መጣን» ያለ እንኳ የለም።

እትዬ ፍሬን ወረዱ። መፍቻውን ከቦርሳቸው አውጥተው ገመዱን አጠበቁና ኮፈኑን ጓ አድርገው ዘጉት። ልጁ ወደ ኋላ የለጠጠውን የሹፌር ወንበር ወደ ፊት ስበው ተቀመጡ። ቁልፉን ሲያዞሩት መኪናው ባንድ ጊዜ ተነሳ፤ ዳገቱንም ሳያንገራግር ወጣው።

ልጆቹን ያገኟቸው መታጠፊያው ላይ ነው። ትልቁ አፉን ከፍቶ መንገዱ መሐል ተገትሮ ቀረ። እትዬ ፍሬን ፍሬን ያዙ።

«እማዬ!» አለ፣ ወደ መስኮቱ ሮጦ። «ምን ሆኖ ነበር?»

ጠዋቱን ሙሉ የጠበቋት ጥያቄ መጣች።

«አሁን ጠየቅከኝ?» አሉት። «ቤቴ አይሸጥም። ለሰውየው ራሴ ልነግረው እየሄድኩ ነው። መምጣት ከፈለጋችሁ ግቡ።»

ትልቁ ልጅ ዞሮ የፊቱን በር ያዘ።

«ከኋላ» አሉት።