የሌሊት ወፎቹ ቆጠራ

እህቴ የባዮሎጂ መምህርት ነበረች። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በየዓርቡ አመሻሽ፣ ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ የሚወጡትን የሌሊት ወፎች ከተማሪዎቿ ጋር ቆጥራለች። ርዕሰ መምህሩ መርዝ ሊያስረጭባቸው ሲል ሐሳቡን ያስተወችው በዚያ ቆጠራ ነው።

በሞተች በሁለተኛው ወር ለሳይንስ መምህራን የዱር እንስሳት ጥበቃ ሥልጠና ተሰጠ። እኔ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነኝና ከኋላ ተቀመጥኩ። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ በፕሮጀክተር አንድ የሌሊት ወፎች ቆጠራ ሰንጠረዥ አበራና፣ "ይህን እኔው ራሴ ነኝ የቆጠርኩት" አለ።

እህቴ ለአሠልጣኙ ቢሮ የላከችው ሰንጠረዥ ነበር። ሲገለብጠው የመጨረሻውን ረድፍ እንኳ አላነበበም። "ዛሬ አሞኛል፤ አልቆጠርኩም" ይላል።

ደሜ ፈላ። ተነሣሁ።

"ጋሼ፣ ያን ቀን ምን ነበር ያመመዎት?"

"የቱን ቀን?"

"የመጨረሻውን። እስቲ ያንብቡት።"

ዞሮ አነበበና ላብ አጠመቀው። "እ... ጉንፋን ቢጤ።"

"ጉንፋን? ያ ሕመም እኮ የቆጠረችውን እህቴን ገድሏታል!"

"በቃ፣ ሻይ ጠጥተን እንነጋገራለን" አለ።

"ሻዩ ይቆየን" አለች አብራት ታስተምር የነበረች የኬሚስትሪ መምህርት፤ ጠመኔም አቀበለችኝ።

ወደ ሰሌዳው ሄጄ የእህቴን ስም ከነአባቷ ከሰንጠረዡ በላይ ጻፍኩ። ከንዴቴ የተነሣ ጠመኔው ሁለት ጊዜ ተሰበረብኝ።